ሞጆን ለማየት

ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ ቆሜ ወደ ኮዬ ፈጬ የሚሄደውን አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። ልጄ እዚያ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከገባች ወዲህ እሑዴን የምውለው እሷ ዘንድ ነው። አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ዘግይቷል። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ወጣት ብስክሌቷን ገልብጣ ጎማ ስትለጥፍ አየሁ። ብስክሌቷ ከኋላ ግራና ቀኝ ቦርሳ ተንጠልጥሎባታል፤ የረጅም መንገድ መሆኗ ያስታውቃል። እኛ አገር ደግሞ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ብቻውን አይቆምም። ወዲያው የታክሲ ረዳቶች፣ ሎተሪ አዟሪዎች፣ ከቂሊንጦ የሌሊት ፈረቃ ወጥተው የሚያዛጉ የፋብሪካ ሠራተኞች ከበቧት። እኔም ተሻግሬ ተጠጋሁ፤ ወሬ አይቶ ማለፍ ድሮም አልሆነልኝም።

«ሲስተር፣ ብቻሽን ነሽ?» አላት አንዱ ረዳት።

«አዎ።»

«ወዴት ነው?»

«ዝዋይ።»

«እዚያ ምን አለሽ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ልሄድ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ረዳቱ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ሰማችሁ? ምንም!» አለ። ልጅቷ ማስቲሹን በጣቷ እየቀባች ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ያ የሚያቃጥል፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚለው ሽታ፣ ጉልበቴ ራሱ ያስታወሰ መሰለኝ። «ተዋት» አልኩት ረዳቱን። «ሰው ለመሄድ ብቻም ይሄዳል።» «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ይሄን ከየት አወቁት?» አለኝ። «ከዚሁ መንገድ» አልኩትና እጄን ወደ ታች፣ ወደ ዱከም ወደሚወርደው አስፋልት ዘረጋሁ። ለልጅቷም ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ነገርኳት፣ ጎማዋን ስትነፋም መሪውን ያዝኩላት። አውቶቡሱ መጣ። ተሳፈርኩ እንጂ ልጄ ቤት እስክደርስ ድረስ ልቤ አውቶቡሱ ውስጥ አልነበረም።

አባቴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። አቶ ወርቅነህ ሲባል አቃቂ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ቤታችን ከጣቢያው ኋላ ስለነበር ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ይንቀጫቀጩ ነበር፤ እንግዳ ይደነግጣል፤ እኛ ካልተንቀጫቀጩ እንጨነቃለን። አባቴ አንዲት ጥቁር ብስክሌት ነበረችው፤ አገር ለቆ ከሄደ የውጭ አገር መካኒክ የገዛት፣ እንደ በሬ የከበደች፣ ፍሬኗ ሲያዝ የምትጮህ። ከሐዲዱ ጎን ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ እሱ ራሱ አስተማረኝ። ሠፈሩ ጉድ አለ። እኔ ግን ፈትል ፋብሪካ ስቀጠር በእሷ እየሄድኩ በእሷ እመለስ ጀመር። ያኔ የሴት ልጅ ሱሪ ራሱ ወሬ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከታች ሰፋ ያለውን፣ በዘመኑ ቤልቦተም የምንለውን፣ ሰንሰለቱ እንዳይበላብኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ በገመድ አስሬ ነው የምነዳው። «ሴቷ ጎረምሳ!» ይሉኝ ነበር። እኔም ደወሌን እደውልላቸዋለሁ። ሲሰለቻቸው ተዉት።

ያ ዘመን ብዙ የሚወራበት ነው፤ ያንን የሚያወሩት ይበቁታል። እኔ የማስታውሰው ግን እሑዶቹን ነው። ቤንዚን በኩፖን ሆኖ፣ የግል መኪና እሑድ እሑድ በተራ ካልሆነ አይንቀሳቀስም ነበር። እሑድ ጠዋት ከአቃቂ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ወደ ቃሊቲ ብታዩ፣ ወደ ዱከምም ብታዩ፣ አስፋልቱ ባዶ ነው። በግ ይተኛበታል፤ ሴቶች መሀሉ ላይ ቆመው ያወራሉ። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ፓስቲው የሚጠቀለልባት ጋዜጣ ዘይት ጠጥታ እንደ መስታወት ታበራለች። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ክራር ይሰማል። ያ ሁሉ ባዶ መንገድ ማንም ሳይሄድበት ሲመሽ ያንገበግበኝ ነበር።

አባቴ ራት ላይ ጣቢያዎቹን እንደ ውዳሴ ይደግማቸዋል፤ አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ እያለ እስከ ድሬዳዋ። እኔ ከደብረ ዘይት አልፌ አላውቅም። «ሞጆ ላይ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን። አባቴ ጥቂት አሰበና «ሞጆ ላይ ባቡሩ ይቆማል፤ ሰው ብርቱካን ይገዛል፤ ባቡሩ ይሄዳል» አለኝ። ሌላ ሰው ይሄን ሰምቶ ይተወዋል። እኔ ግን ያቺ ሞጆ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣ አለችኝ። ድሬዳዋን አልተመኘሁ፣ ባሕር አልተመኘሁ፤ ሞጆን ተመኘሁ።

የሄድኩት በጥቅምት ነው፤ ጭቃው ደርቆ አቧራው ገና ሳይነሣ። የአቦ ዕለት ከእሑድ ጋር ገጥሞ እናቴ ሳሪስ አቦ ልትሳለም ገና ሳይነጋ ወጥታ ነበር። ለእሷ መንገር አልፈለግሁም፤ ብነግራት ሱሪዬን ደብቃ ትሄድ ነበር። የአባቴን የሥራ ኮት ደረብሁ፣ ሻሼን አጥብቄ አሰርሁ፣ ዳቦና ቆሎ በጨርቅ ቋጥሬ ከመሪው ላይ አንጠለጠልኩ። አባቴ ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ ጎማውን ሲነፋ አገኘሁት።

«እስከ የት ነሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ሞጆ ደርሼ ልመለስ።»

ፓምፑን አቆመ። ከዚያ እንደገና መንፋት ጀመረ። «ቁልቁለት ላይ የኋላውን ፍሬን አስቀድሚ» አለኝ፤ ምርቃቱም ምክሩም ይኸው ነበር።

ዛሬ ቂሊንጦ የሚባለው ቦታ ያኔ የሽምብራና የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን ማረሚያ ቤቱና የኢንዱስትሪ ፓርኩ የቆሙበትን ስፍራ እኔ የማውቀው ጤፉ ከነፋስ ጋር ሲተኛና ሲነሣ ነው፤ አረንጓዴው ወደ ቀይ መሄድ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ጤዛው ገና አልረገፈም። አስፋልቱ ከጎማዬ ሥር ሹልክ ሹልክ ይላል። ብቻዬን ነኝ፤ የምሰማው የሰንሰለቱን ድምፅና የራሴን ትንፋሽ ነው። ዘፈንኩ። ድምፄ ለሰው የሚሰማ አይደለም፤ የሚሰማኝም ሰው አልነበረም።

ዱከም ሳልደርስ አንድ ፈረሰኛ ከማሳ መሀል ወጣና ጎኔ ሆነ። ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ሽማግሌ ለመሆን ትንሽ የቀረው ሰው። «ኤሳ ዴምታ?» አለኝ፤ ወዴት ነሽ ማለቱ ነው። «ሞጆ» አልኩት። ፈረሱን አየ፤ ብስክሌቴን አየ፤ ፈገግ አለ። ሌላ ሳንነጋገር እሽቅድምድም ገባን። ዳገቱ ላይ ጥሎኝ ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን ረሳሁ፤ የደረብሁት ኮት እንደ ክንፍ ተነፍቶ፣ እንባዬ ወደ ጆሮዬ እየሄደ አለፍኩት። ታች ቆሜ ስጠብቀው አለንጋውን ወደ ላይ አንሥቶ ሰላምታ ሰጠኝና በእርሻ መንገድ ታጠፈ። ስሙን አልጠየቅሁትም። እንደዚያ ቀን ያለ ባልደረባ ግን ብዙ አላገኘሁም።

ደብረ ዘይት ሻይ በፓስቲ ጠጣሁና አለፍኩ። ከደብረ ዘይት ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔ አዲስ ነበር። አየሩ ይሞቃል፤ ግራሮቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ አፈሩ አመድማ ነው። እዚያ መሀል የግራር እሾህ ጎማዬን ወጋው። ወርጄ፣ ብስክሌቷን ገልብጬ፣ ከላማዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ፣ አወጣሁ፤ ፋቅሁ፤ ማስቲሽ ቀባሁ፤ ቁራጩን ለጥፌ ተቀመጥኩበት። አንዲት ሴት አህያ እየነዳች ስታልፍ አይታኝ «ባልሽ የት ሄዶ ነው አንቺ የምትሠሪው?» አለችኝ። «ገና አልመጣም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ገና ብዙ ዓመት ቀርቶት ነበር።

ሞጆ መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። መንገዱን አቋርጦ የተወጠረ ገመድ፣ ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ከጎኑ የቆርቆሮ ቤት። ጠብመንጃ ያነገተ፣ ግርማ የሚባል ጠባቂ አስቆመኝ።

«ከየት ነው?»

«ከአቃቂ።»

«በዚህ?» አለ፣ ብስክሌቷን በአገጩ እያመለከተ።

«በዚህ።»

«ሞጆ ማን ጋ ነው?»

«ማንም ጋ አይደለም። ከተማውን ለማየት ነው።»

የይለፍ ወረቀት ጠየቀኝ። ያኔ ከቀበሌ ይለፍ ሳያወጡ ከቦታ ቦታ መሄድ አይቻልም ነበር። እኔ ያለኝ የፋብሪካ መታወቂያ ብቻ ነው። ግርማ መታወቂያዬን ይዞ ገባና አለቃውን ይዞ ወጣ። ሃምሳ አለቃ ደበላ ይባላል፤ ሰፊ ሰው ነው፤ ከምሳ ላይ ተነሥቶ ስለመጣ ቀበቶውን እያጠበቀ ነበር።

«ከባልሽ ተጣልተሽ ነው?»

«ባል የለኝም።»

«ብስክሌቱ የማነው?»

«የአባቴ።»

«አባትሽ መውጣትሽን ያውቃል?»

«ጎማውን የነፋልኝ እሱ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ዙሪያዬን ዞረ። ዳቦና ቆሎዬን ፈትቶ አየ። «ስሚ» አለኝ፣ «እኔ እዚህ ኬላ ላይ ያላየሁት ነገር የለም። ቡና ጡቷ ሥር የደበቀች አይቻለሁ። በግ በአንሶላ ጠቅልሎ ልጄ ታሞብኝ ነው ያለ አይቻለሁ። ሞጆን ለማየት መጣሁ ያለ ሰው ግን አላየሁም። እውነቱን እስክትናገሪ እዚያ ተቀመጪ።»

ግራር ሥር ተቀመጥኩ። ብስክሌቴን ቆርቆሮው ቤት ጎን አስደግፈው ሰንሰለቷን በገመድ አሰሯት። ድፍረቴ እዚያ ላይ ትንሽ ሳሳ፤ አልዋሽም። በዚያ ዘመን ኬላ ላይ የቀረ ሰው ወሬው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ሳይመጣም የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ፋብሪካ መግባት አለብኝ። እናቴ አሁን ከአቦ ተመልሳ አልጋዬን ባዶ አግኝታዋለች።

አጠገቤ እርጎ የምትሸጥ አዴ ባዩ የምትባል ሴት ነበረች። ቅል ሙሉ አቀበለችኝና ጎንበስ ብላ «ልጄ፣ አክስቴ ታማ ነው በያቸው። ሁሉም እንደሱ ብሎ ነው የሚያልፈው» አለችኝ። ግርማም ሰማት። አለቃው አለመኖሩን አይቶ ጠጋ አለና «እውነቷን ነው፤ አክስት አጣሽ?» አለኝ።

«የለችኝም።»

«የሰው አክስት ጥሪያ!»

«ደህና ሰው አላሳምምም» አልኩት።

ግትርነት ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ያንን ሁሉ መንገድ ፔዳል እየረገጥኩ የመጣሁት እኔ ነኝ። አክስት ካመጣሁ መንገዱ የአክስቴ ሊሆን ነው፤ ፈረሰኛውን ያሸነፍኩትም፣ ጎማውን የለጠፍኩትም ለእሷ ሊሆን ነው። ይሄን ያኔ እንዲህ አሳምሬ አላሰብኩትም። አፌ ብቻ እምቢ አለኝ።

ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ሃምሳ አለቃው ወጣ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ሞጆን ለማየት ነው።»

«ሞጆ ላይ ምን የሚታይ አለ?»

«እሱንማ አላውቅም» አልኩ። «አላየኋትም።»

ግርማ ሳቁ አመለጠው። ሃምሳ አለቃው ገላመጠውና ወደ እኔ ዞረ። «ተነሺ» አለ። ግርማንም «ብስክሌቷን ፍታላት» አለው። ወደ እስር ቤት የምሄድ መሰለኝ። እሱ ከፊት፣ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ ከኋላ፣ ወደ ከተማው ገባን። ባቡር ጣቢያው ጋ ስንደርስ ቆመና በእጁ አመለከተ። «ይኸው ባቡር ጣቢያ» አለ፣ እንደ ተናደደ ሰው።

አየሁት። ቀለሙ የለቀቀ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡ ብርቱካን ሻጮች። «ባቡሩ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ሰው ይነሣል» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ትንሽ ሄድን። «ይኼ ሽታ የቆዳ ፋብሪካው ነው፤ ሁለተኛ ቀን ላይ አይሸትሽም።» ከዚያ ሥጋ ቤቶቹን አሳየኝ፤ ከዚያ ወንዙን። ድልድዩ ላይ ቆመን ወደ ገደሉ ስናይ «ክረምት ላይ መምጣት ነበረብሽ፤ እንዴት እንደሚያስፈራ!» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣው የለም። ሰው ሲያገኝ መቆም ጀመረ። ልብስ ሰፊውን፣ ባለ ዳቦ ቤቷን፣ አንድ ቄስ ሳይቀር አስቁሞ «እንግዳ ናት፤ ከተማችንን ልታይ ከአቃቂ በብስክሌት መጥታ ነው» ይላል። ከተማችን አለ። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። ባለ ዳቦ ቤቷ ትኩስ ዳቦ ኮቴ ኪስ ውስጥ ጨመረችልኝ።

«እኔ የነቀምት ሰው ነኝ» አለኝ ስንመለስ። «እዚህ ከተመደብኩ ወዲህ የማየው የሚያልፍ ሰው ነው። አንዱ ለናዝሬት ነው፣ አንዱ ለሐዋሳ ነው። ሞጆ ብሎ የመጣ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ራሴም ተመድቤ ነው እንጂ መጥቼ አይደለም።» ከጣቢያው ሴቶች ብርቱካን ገዝቶ ሻሽ በሚያህል ጨርቅ አስቋጠረልኝ። ከዚያ ቤቱን ለእንግዳ እንዳሳየ አባወራ ፊቴን እያየ «እንዴት አገኘሻት?» አለኝ።

«ጥሩ ከተማ ናት» አልኩት። ሞጆ ያኔ አንድ መንገድና ግራና ቀኙ ነበረች። ዛሬም ቢጠይቁኝ መልሴ ያው ነው።

በጤፍ መኪና ላይ ልጫንሽ አለኝ፤ በመጣሁበት እመለሳለሁ አልኩት። ኬላው ጋ ስንደርስ ገመዱን ግርማ ሳይሆን እሱ ራሱ አነሣልኝ። ከዚያ በኋላ በሞጆ ስንቴ አልፌአለሁ፤ ኬላው የለም፤ ደረቅ ወደቡና የጭነት መኪናው ከተማዋን ሌላ አድርጓታል፤ የፍጥነት መንገዱማ ብስክሌት አያስገባም። ሃምሳ አለቃ ደበላን ግን ዳግመኛ አላየሁትም። ወዴት እንደ ተዛወረ የሚነግረኝም አላገኘሁም።

መመለሻው ሌላ መንገድ ነበር። ጠዋት ያላስተዋልኩት ቁልቁለት ሁሉ ዳገት ሆኖ ጠበቀኝ፤ ነፋሱ ከጎን እየመጣ ወደ ቦዩ ይገፋኛል። ደብረ ዘይትን ሳልፍ ጭኔ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዱከም ዳገት ላይ ከብስክሌቷ ወርጄ ገፋሁ፤ ማንም ስላላየኝ አላፈርኩም፤ ቢያየኝም አላፍርም ነበር። ብርቱካን እየላጥሁ እበላለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ፣ እነዳለሁ። ገላን ላይ ፀሐይ ጠለቀች። ማሳው ቀላ፤ የከብቶቹ አቧራ መንገዱ ላይ ተንሳፈፈ። ያን ያህል ደክሞኝ አያውቅም፤ ያን ያህል ሙሉ የሆንኩበትንም ቀን አላስታውስም።

ቱሉ ዲምቱ ጋ አንድ ሰው መንገዱን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። አባቴ ነበር። ከአቃቂ እስከዚያ በእግሩ መጥቶ ነው።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ።»

«ሞጆ?»

«ሞጆ።»

ብስክሌቷን ከእጄ ተቀብሎ ይገፋት ጀመር፤ እኔ ጎን ለጎን እያነከስኩ እሄዳለሁ። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከሰላምታ አልፎ ከሰው ጋር አያወራም። ያን ቀን ግን ድልድዩ እስክንደርስ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ፣ ከብት የሚነዳውንም፣ ከለቅሶ የሚመለሱትንም፣ «ልጄ ናት፤ ከሞጆ መምጣቷ ነው» ይል ነበር።

እናቴ አላናገረችኝም። ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፤ ቅባት ቀባችኝ፤ አንድ ቃል ግን አልወጣትም። ሰኞ ፋብሪካ እንደ ዳክዬ እየተራመድኩ ገባሁ። ሴቶቹ በየማሽኑ መሀል ተቀባብለው ሲሰሙት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሃምሳ አለቃውን ደግሜ ደጋግሜ አወራሁላቸው፤ ግማሾቹ አመኑኝ። ቤት ስመለስ እናቴ ዝም። ማክሰኞም ዝም፣ ረቡዕም ዝም። አባቴ በዐይኑ «ታገሺ» ይለኛል። እሱንም አላናገረችውም፤ ጎማ የነፋ ነውና ጥፋቱ የጋራችን ነበር።

ቅዳሜ ማታ ራት በልተን ስንነሣ እናቴ መንገድ ላይ የተቀደደውን የኮቱን ክርን ስትጥፍ አገኘኋት። መብራቱን ወደ መርፌዋ አስጠግታ፣ ቀና ሳትል፦

«ነገስ ወዴት ነው?» አለችኝ።

አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። እኔ አስቤበት አላውቅም ነበር፤ ግን ስትጠይቀኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር። «ወደ ጨፌ ዶንሳ» አልኳት።

«ይርቃል?»

«ከሞጆ ይርቃል። ዳገትም አለው።»

እናቴ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። ኮቱን ዘርግታ አየችውና አጠፈችው።

«በይ ተኚ እንግዲህ» አለችኝ። «እኔ እቀሰቅስሻለሁ።»